ለምታጠባ እናት የሚመክር መድኃኒት ቤት፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

የአራት ወር ልጄን እያጠባሁ የጅማ ክረምት አስሜን ሲቀሰቅስብኝ፣ መድኃኒቱ በወተቴ በኩል ልጄን ይጎዳል ብዬ በመፍራት በአፍ የምስበውን የአስም መድኃኒት፣ ፓፌን፣ ለሦስት ቀናት ትቼ፣ ሌሊት መተንፈስ ሲያቅተኝ ወደዚህ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለሙያዋ የሐኪሙን ማዘዣ ተመልክተው፣ ሳልቡታሞልም ሆነ ቤክሎሜታሶን በፓፍ ሲሳቡ በቀጥታ ሳንባ ላይ ስለሚሠሩ ወደ ደም፣ ከዚያም ወደ ወተት የሚያልፈው መጠን እጅግ አነስተኛ መሆኑን፣ ይልቁንም ሕክምናውን ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። ፓፉን ከመሳቤ በፊት እንድነቀንቀው፣ ከቤክሎሜታሶን በኋላም አፌን በውኃ እንድጉመጠመጥ አሳዩኝ፤ ይህን ከዚያ በፊት ማንም አሳይቶኝ አያውቅም።

ለአለርጂዬ የለመድኩትን ክሎርፌኒራሚን ስጠይቅ ሕፃኑን ሊያደነዝዘው እንደሚችል ነግረውኝ፣ እንቅልፍ እምብዛም የማያመጣውን ሎራታዲን ሰጡኝ። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪንም ወተት ሊቀንስ ስለሚችል እንዳልወስደው መከሩኝ።

ቅር ያለኝ የቦታው ጥበት ነው፤ ሰው ከኋላ ተሰልፎ እየሰማ ስለ ጡት ወተት መጠየቅ ስለሚከብድ፣ ለምክር የሚሆን አንድ ከለል ያለ ጥግ ቢያዘጋጁ ብዙ እናቶች ደፍረው ይጠይቁ ነበር።