ካርቦንን ከጉልቻ ጀምረው ላስተማሩልን መምህርት

በኮዬ ፈጬና በዙሪያው ያላችሁ የአንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራንና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልን። ለ4ኛ እና ለ5ኛ ክፍል ልጆቻችን ስለ ካርቦን ልቀት ያስተማሩልንን የሳይንስ መምህርት እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ከእሳቸው በፊት የመጡት አሠልጣኞች ተስፋ አስቆርጠውን ነበር። ፕሮጀክተር ተክለው የበረዶ ድብ ያሳያሉ፣ «መብራት አጥፉ፣ ሥጋ ቀንሱ» ይላሉ፣ አቴንዳንስ አስፈርመው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ እንደሚመነጭ፣ የእኛ ሰፈር ልቀት ያለው እንጨቱ፣ ከሰሉ፣ ናፍጣውና የቆሻሻ ክምሩ ላይ እንደሆነ አንዳቸውም አላነሱም። ሥጋ ከዓመት በዓል እስከ ዓመት በዓል ለሚጠብቅ ልጅ «ሥጋ ቀንስ» ማለት በጣም ያሳዝናል።

እኚህ መምህርት የጀመሩት ከእንጀራ ነው። ከአንድ ሸክም ደረቅ እንጨት አምስት አምስት ኪሎ አስመዝነው አንዱን በሦስት ጉልቻ፣ ሌላውን «ምርጥ» በሚባለው እንጨት ቆጣቢ ምድጃ አስነደዱ። ምጣዶቹ እኩል ስፋት አላቸው፣ ሊጡ ከአንድ ቡሃቃ ነው፣ እንጀራውም አሥር አሥር። የተረፈውን ልጆቹ ራሳቸው መዝነው ቀነሱ። ምርጥ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ የሚችለው እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል፣ ሙቀቱም ምጣዱ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ልኬቱ የት ላይ እንደሚበላሽም አሳይተውናል። እርጥብ እንጨት ከገባ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ምጣዱን ለማጋል የነደደው እንጨት ከሁለቱም ወገን መቆጠር አለበት። የተረፈው ፍም ውሃ ከተደፋበት ክብደቱ ይጨምራል፤ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ታፍኖ ሲጠፋ ነው የሚመዘነው።

አንድ ልጅ «1 ኪሎ ደረቅ እንጨት ነድዶ እንዴት 1.8 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል?» ብሎ ጠየቀ። ብዙ መምህራን እዚህ ጋ እንሰናከላለን። እሳቸው አንድ ቦሎቄና ሁለት ሽምብራ አነሱ። ቦሎቄው ካርቦን ነው፣ ክብደቱ 12፤ ሽምብራዎቹ ኦክስጅን ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 16፤ ድምሩ 44። እናም 12 ኪሎ ካርቦን ሲነድ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ከደረቅ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ግማሽ ኪሎው ካርቦን 1.8 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ ትርፉ ክብደት ሲነድ ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው። ልጆቹ ገባቸው!

ከሁሉ የማንረሳው ግን ይህን ነው። እናቷ ከሰል የምትሸጥ ልጅ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር። መምህርቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው «የኢትዮጵያ ድርሻ ከዓለም ልቀት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ዓለምን ያሞቀችው እናትሽ አይደለችም» አሏትና ሚዛኑን ለእሷ ሰጧት። ከዚያ በኋላ ክብደት ስታነብብ ድምጿ ከግቢው አልፎ ይሰማ ነበር። ልጅን ሳያሸማቅቁ ማስተማር ይህ ነው።

በኖራ ውሃ ያሳዩትም ግሩም ነው። ኖራ በውሃ በጥብጦ፣ ጠርሙሱን ጥብቅ አድርጎ ከድኖ ማሳደር፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ ቀድቶ በስትሮ መንፋት፤ በትንፋሻችን ውስጥ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ክዳኑ ከላላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከአየር ስቦ ቀድሞ ይበላሻል። ብዙ ከተነፋ ደግሞ ተመልሶ ይጠራልና እንደደፈረሰ ማቆም ነው። ኖራው ዓይንና አፍ ስለሚያቃጥል የሚነፋው ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን። ካርቦን ዳይኦክሳይድንና በተዘጋ ቤት ከከሰል የሚወጣውን ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ለይተው ማስረዳታቸውም ለኮንዶሚኒየም ልጆች ትልቅ ነገር ነው።

እባካችሁ ጋብዟቸው፤ ደግመን እንላለን፣ ጋብዟቸው። ከእናንተ የሚፈለገው ሚዛን፣ ሁለት እኩል ምጣድ፣ ከዋዜማው የተቦካ ሊጥና ነፋስ የማይበዛበት ክፍት ግቢ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ክረምቱ ሳይገባ ይሁን፤ እንጨቱ ከረጠበ ልኬቱ አይሠራም።