የተፅዕኖ ግምገማ ወይስ የፖሊሲ ትግበራ፦ ወሎ ውስጥ ለተግባር ልምምድ የሚያዘጋጀው የትኛው ኮርስ ነው?

በሕዝብ ፖሊሲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቱን የሚከታተል ሰው፣ ከደሴ ተነሥቶ ደላንታ ወይም ቆቦ ውስጥ በሚሠራ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ለተግባር ልምምድ ከመውጣቱ በፊት፣ ከእነዚህ ሁለት ኮርሶች አንዱን መምረጥ ሊኖርበት ይችላል።

የተፅዕኖ ግምገማ ናሙና መውሰድን፣ መጠይቅ ማዘጋጀትንና በፕሮግራሙ የታቀፉ ቤተሰቦችን ካልታቀፉ መሰሎቻቸው ጋር ማነጻጸርን ያስተምራል፤ መረጃ መሰብሰብ ለተለማማጅ ቶሎ የሚሰጥ ሥራ በመሆኑም ጥቅሙ ወዲያው ይታያል።

የፖሊሲ ትግበራ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ወሎ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውንና የምግብ እጥረት ያለባቸውን ቤተሰቦች የሚደግፈውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንውሰድ። መሥራት የሚችሉት በማኅበረሰብ ሥራ እንዲሳተፉ፣ ጉልበትም ጧሪም የሌላቸው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ እንዲያገኙ የሚያዝ ሲሆን፣ ማን በየትኛው እንደሚገባ የሚለየው በየቀበሌው በሚደረግ ምክክር ነው። ይህን ሂደት ያላጠና ተለማማጅ የስም ዝርዝሩን እንዳለ ይቀበለዋል፤ ያጠናው ግን ማን እንደቀረ፣ ለምንስ እንደቀረ ይጠይቃል። የበልግን ዝናብ ተስፋ አድርጎ በሚያርሰው የደላንታ ደጋ ደግሞ፣ መጠይቁ የተሞላበት ወር ራሱ የገበሬውን መልስ ሊለውጠው ይችላል።