ዩኒ-አሲስት፦ 75 ዩሮ ከፍላችሁ የምታገኙትና የማታገኙት

ጀርመን በሳይንስ ማስተርስ ለመማር ስታመለክቱ ማስረጃችሁን መጀመሪያ የሚያየው ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ዩኒ-አሲስት ነው። መቀመጫው በርሊን ነው፤ ከውጭ አገር የሚመጣ የትምህርት ማስረጃ እንዲመረምርላቸው ዩኒቨርሲቲዎቹ በአባልነት የሚያንቀሳቅሱት ማኅበር ነው። በአገልግሎቱ የሚበሳጩ አመልካቾች ብዙዎቹ ሥራው ያልሆነውን ይጠብቁበታል። ዩኒ-አሲስት ማንንም አይቀበልም፣ ማንንም አይጥልም። ዲግሪያችሁ እዚያ አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ ወረቀቱ መሟላቱን፣ ውጤታችሁ በጀርመን ስሌት ስንት እንደሚመጣ ያያል። የማመልከቻ ደብዳቤያችሁን አንብቦ የሚወስነው የትምህርት ክፍሉ ነው።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ በዚህ በር አያሳልፍም። አንዳንዶቹ በራሳቸው ፖርታል ይቀበላሉ። የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻውን በዩኒ-አሲስት በኩል ይወስዳል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ ከዩኒ-አሲስት ቪፒዲ የሚባለውን የቅድመ ምርመራ ሰነድ ታወጣላችሁ፣ ማመልከቻውን ግን በዩኒቨርሲቲው ፖርታል ታስገባላችሁ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቪፒዲው እጁ ሲገባ ያመለከተ ይመስለዋል፤ የዩኒቨርሲቲው ፖርታል ግን እስከ መጨረሻው ቀን ባዶ እንደሆነ ይዘጋል።

ክፍያው ግልጽ ነው። በአንድ ሴሚስተር ለመጀመሪያው ምርጫ 75 ዩሮ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፕሮግራም 30 ዩሮ። ሦስት ቦታ ካመለከታችሁ 135፣ አምስት ከሆነ 195 ዩሮ ይመጣል። ሁለት ፕሮግራም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሆንም እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ሴሚስተሩ ሲቀየር ሒሳቡ እንደገና ከ75 ይነሳል። ገንዘቡ ሳይገባ ፋይሉን የሚከፍተው የለም። በባንክ ስትልኩ ሁለት ነገር አትርሱ፦ የአመልካች ቁጥራችሁ በክፍያው ምክንያት ላይ ይጻፍ፣ የማስተላለፊያውን ወጪ በሙሉ ላኪው ይሸፍን። አለዚያ በመሃል ያለው ባንክ የራሱን ቆርጦ 75ቱ ጎድሎ ይደርሳል፤ ማመልከቻውም ክፍያ ያልተሟላለት ሆኖ ይቀመጣል።

ከአገልግሎቱ እጅግ ጠቃሚው ክፍል የውጤት ስሌቱ ነው። ቀመሩ የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር ይባላል፤ ራሳችሁም ቀድማችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከከፍተኛው ውጤት የእናንተን ቀንሱ፣ ያንን በከፍተኛውና በዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት ልዩነት አካፍሉ፣ በ3 አባዙ፣ 1 ደምሩ። ከፍተኛው 4.00፣ ማለፊያው 2.00 በሆነበት ትራንስክሪፕት 3.40 ያለው ሰው 0.60 ለ2.00 ሲካፈል 0.30፣ በ3 ሲባዛ 0.90፣ 1 ሲደመርበት 1.9 ያገኛል። ጀርመን ውስጥ 1.0 ምርጡ ነው፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው። 3.00 ያለው ልክ 2.5 ላይ ያርፋል። ይህች 2.5 በብዙ ፕሮግራሞች የመግቢያ ወሰን ስለሆነች፣ ከ3.00 በታች ያለ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የፕሮግራሙን ገጽ ደጋግሞ ቢያነብ ይሻለዋል።

ለዚህ ስሌት የትራንስክሪፕቱ ጀርባ የግድ ያስፈልጋል። የውጤት አሰጣጡ ሰንጠረዥ ከኋላ ከታተመ፣ የፊቱን ብቻ ስካን ያደረገ ሰው ማለፊያው ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ አስቀርቶታል ማለት ነው። የፊቱንም የኋላውንም በቀለም ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፒዲኤፍ ላኩ፤ ማኅተሙ ጥርት ብሎ ይታይ። ስቱደንት ኮፒ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትን አይተካም። የወጪ መጋራት ዕዳው ያልተዘጋ ተመራቂ ኦሪጅናል ዲግሪውን ለማውጣት ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ ያንን ጉዳይ ማመልከቻው ከመከፈቱ ወራት በፊት መጨረስ አለበት። በቴምፖ (በጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ) ማመልከት ይቻል እንደሆነ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። የተረጋገጠ ኮፒ የሚጠይቁም አሉ፤ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ያልተጻፈ ሰነድ በሕጋዊ ተርጓሚ መተርጎም አለበት።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ወርቁ የሚለው ስም ፓስፖርት ላይ በ"ኬ"፣ ዲግሪው ላይ በ"ኪው" ከተጻፈ መርማሪው ሁለት ሰው ሊመስለው ይችላል። ፎርሙን ሁልጊዜ በፓስፖርቱ አጻጻፍ ሙሉ፤ ልዩነቱን የሚያብራራ ደብዳቤ ከሬጅስትራር አውጥታችሁ አያይዙ። ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይግቡ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስዳችኋል፤ በትምህርት ታሪካችሁ ላይም የማይገናኝ ክፍተት ይታያል።

ፍጥነቱ የአገልግሎቱ ደካማ ጎን ነው። ምርመራው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ራሳቸውም ቀነ ገደቡ 8 ሳምንት ሲቀረው አስገቡ ይላሉ። የዊንተር ሴሚስተር የተለመደ ቀነ ገደብ ጁላይ 15፣ በእኛ ሐምሌ 8 ነው፤ እንግዲህ ማመልከቻው ግንቦት 12 ገደማ መግባት አለበት። ብዙ የሳይንስ ፕሮግራሞች ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ላለ አመልካች ከዚያም ቀድመው ይዘጋሉ። ከክፍያው ይልቅ ይህ መዘግየት ነው ሰውን የሚጎዳው፤ በመጨረሻው ሳምንት ያስገባ ሰው ጉድለት ቢገኝበት ለማረም ቀን አይቀረውም።

ዩኒ-አሲስት የማይፈታላችሁ ትልቁ ጥያቄ የኮርሶቻችሁ ይዘት ነው። አንድ የፊዚክስ ማስተርስ በሒሳብና በቲዎሪ ይህን ያህል ክሬዲት ካለ፣ ያንን የሚቆጥረው የትምህርት ክፍሉ ነው። ትራንስክሪፕታችሁ በክሬዲት ሀወር ብቻ ከሆነ የኮርስ ዝርዝሩን ከነይዘቱ አዘጋጁ። በጀርመን አንድ ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ) ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓመት 60 ኢሲቲኤስ ይይዛል። የሌክቸር፣ የላብራቶሪና የግል ጥናት ሰዓቱ ተለይቶ ከተጻፈ ኮሚቴው መገመት አይጠበቅበትም።

ሰነድ ጎድሏል የሚል ኢሜይል ከመጣ አትደንግጡ፣ ሌላ ማመልከቻም አትክፈቱ። ቀነ ገደቡ ካላለፈ የጎደለውን በዚያው በማይ አሲስት (የዩኒ-አሲስት የማመልከቻ ፖርታል) አካውንት መጫን ይቻላል። ኢሜይሉ በአላስፈላጊ መልዕክቶች ሳጥን ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል አካውንቱን ራሱን በየሁለት ቀኑ ክፈቱት።