ጠዋት ጠዋት ስፒዶሜትሩ ለሚጮህባችሁ ባለሞተሮች፦ ደብረ ብርሃን ያሉ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃንና አካባቢው ሞተር የምትነዱ ሰዎች ይህን አንብቡልኝ። በአደባባይ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው አንድ መካኒክ አሉ፣ ለእናንተም ይጠቅማሉ።

የኔ ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ስፒዶሜትሯ (ፍጥነት መለኪያዋ) በገመድ የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ገመዱ ከፊት ጎማ ተነስቶ እስከ መሪው ይወጣል። ብርዱ መግባት ከጀመረ ወዲህ ጠዋት ገና ከግቢ ስወጣ ትጮህ ነበር። መጀመሪያ ጭርር ትላለች፣ ፍጥነት ስጨምር ድምፁ ቀጥኖ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ይላል፣ መርፌው ደግሞ ከ20 ወደ 60 እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ሞቅ ሲል ጸጥ። ቀኑን ሙሉ ደህና ሆና ትውልና በማግስቱ ጠዋት እንደገና ያው ነው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እኔ ደግሞ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከብቱ ለግጦሽ ሳይወጣ ለመድረስ ማልጄ ወደ ባሶና ወራና ወረዳ ቀበሌዎች መሄድ አለብኝ። ጩኸቱ መንገድ ላይ ጭነት የያዙ አህዮችን ያስደነብራል፣ ባለቤቶቹ ቢቆጡኝ እውነት አላቸው። በአንኮበር በኩል ቁልቁለት ስወርድ መርፌው ሲዘል ማየት ደግሞ በጣም ያስጨንቃል።

ከዚህ በፊት ሌላ ጋራዥም ወስጃት ነበር። ችግሩ እኔ የምደርሰው ከሥራ ስመለስ ከሰዓት በኋላ ነው። ነድተው ያዩና "ምንም የላትም" ይሉኛል። አንዱ ሙሉውን ስፒዶሜትር ቀይረው አለኝ፤ ለዚያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዶ መፈለግ ሊኖር ነው። ሌላው ከስሩ ዝገት ማስለቀቂያ ነፋበት። ለጥቂት ቀን ዝም አለችና ከድሮው ብሶባት ተመለሰች።

ጋሼ ጋ የሄድኩት በሰው ጥቆማ ነው። (ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፣ ስለዚህ ጋሼ ልበላቸው።) ካቻቪቴ እንኳ ሳያነሱ "መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?" አሉኝ። ጠዋት ብቻ ነው ስላቸው፣ "ታዲያ አሁን ምኑን ላዳምጥ? እዚሁ ደጅ ትደርና ማልደህ ና" አሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስደርስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሞተሯ አጠገብ ቆመዋል። በዚያ ብርድ! ለሰው ንብረት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ሳይ በእውነት ልቤ ተነካ።

ራሳቸው ነዷት። ጩኸቱ እንደጀመረ ኢንጅኑን አጥፍተው ቁልቁል አንከባለሏት፤ ድምፁ አልቆመም። ስለዚህ ከኢንጅኑ አይደለም። ከዚያ ገመዱን ከስፒዶሜትሩ ስር ፈትተው፣ ጫፉን በጨርቅ አስረው እንደገና ነዱ። ጭጭ አለች። "ገመዱም፣ እሱን የሚያዞረው የጎማው ጥርስም ደህና ነው፣ የታመመው ላይኛው ነው" አሉኝ።

ሲፈቱት አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። ገመዱ የሚያዞረው ማግኔት ነው። ማግኔቱ በስስ የአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ ሳይነካው ይዞራል፣ ሲዞር ኩባያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ኩባያውን አብሮ ሊወስደው ይጎትታል፣ ቀጭን ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ መርፌው የተተከለው እዚያ ኩባያ ላይ ስለሆነ ፍጥነቱን ያሳያል። የማግኔቱ ዘንግ የሚዞርበት ትንሽ የነሐስ ቡሽ (ዘንጉን ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት) አለ። ሲሠራ የተቀባው ዘይት በዕድሜ ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ይያዛል። ብርድ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይወፍራል። ዘንጉ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ሲያደርግ ነው የሚጮኸው፣ መርፌውም የሚዘለው በዚሁ ነው። ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥንና ድምፁ ይጠፋል። ያ የተነፋው ዝገት ማስለቀቂያ የቀረችውን ዘይት አጥቦ ወስዶ፣ እሱም ተንኖ ቡሹን ደረቅ አድርጎት ነበር። እንዲህ ሆኖ ከተተወ ቡሹ ይበላል፣ ዘንጉ ከነጭራሹ ሲይዝ ደግሞ ገመዱ ይበጠሳል።

ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። ስፒዶሜትሩን አውርደው፣ የገመዱን መግቢያ ወደ ላይ ገልብጠው፣ አሮጌውን ቆሻሻ ጠረጉ። ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በሕክምና ስሪንጅ አንድ ሁለት ጠብታ አደረጉበት። በጣት እያዞሩ እስኪገባ ጠበቁ። የኢንጅን ዘይት ለምን አይሆንም ብዬ ስጠይቃቸው "እሱ ወፍራም ነው፣ በዚህ ብርድ ያው እንደገና ይይዛል" አሉ። ብዙ ዘይትም አይሆንም፤ ከተረፈ ወርዶ ኩባያውንና ቁጥሩን ያበላሻል።

ገመዱንም አልተዉትም። የውስጡን ስበው አውጥተው በቤንዚን አጠቡት፣ አደረቁትና ስስ ግራሶ ቀቡት፤ የላይኛውን አንድ ስንዝር ያህል ግን ደረቁን ተዉት። እስከ ጫፉ ከተቀባ እየዞረ ግራሶውን ወደ ላይ እየገፋ ስፒዶሜትሩ ውስጥ ያስገባዋል አሉኝ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም መሰለኝ፣ ገመዱን ጫፍ እስከ ጫፍ በግራሶ ሲሞሉት ነው የማየው። ሲመልሱትም መብራቱ ጀርባ ታጥፎ የነበረውን አቅንተው ሰፋ ባለ ዙር አሳለፉት።

አልቋል ብዬ ሂሳብ ስጠይቅ "ገና ነው" አሉ። አንድ ሌሊት ደግሞ ውጭ አሳድረው፣ ጠዋት በውርጭ ነድተው፣ ዝም ማለቷን አረጋግጠው ነው ያስረከቡኝ። የተቀበሉኝ ገንዘብ የምሳ ዋጋ ቢሆን ነው። ጨምሬ ልሰጣቸው ብል እምቢ አሉ። አሁን ጥር ገብቷል፣ ብርዱ እንዳለ ነው፣ ሞተሯ ግን ጭጭ ብላለች። መርፌውም ረግቶ ቆሟል።

እንዲህ ያለ ችግር ያለባችሁ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸው ጋ ውሰዱት። ጋራዣቸው ጠባሴ በኩል ነው፤ ምልክት ስለሌለው የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ። ማታ አድርሳችሁ ብታሳድሩላቸው ይሻላል፣ ቀን ላይ ከመጣችሁ ያው ደጅ ትደር ማለታቸው አይቀርም። ስፒዶሜትራችሁ በሚዞር ገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራው ዲጂታሉ ከሆነ ግን ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሠራሉ፣ እሁድ ዝግ ነው።

ጋሼ፣ ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።