ከገና እስከ ቅበላ፣ ስድስት ቅዳሜ

ለፈቃድ አዲስ አበባ ሄጄ፣ አንድ የሰፈር አዳራሽ በየቅዳሜው ካዘጋጃቸው ስድስት ኮንሰርቶች የመጀመሪያው አመለጠኝ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው፣ ግማሹ የፖስተሩ።

ፖስተሩ «ቅዳሜ 7:00» ይላል። እኔ አሥራ አራት ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ኖሬ ሰዓቴም ጭንቅላቴም የፈረንጅ ሆኗል። ሰባት ሰዓት ማታ ነው ብዬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አጎቴንም ሱፍ አስለብሼ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ደረስን። ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛው የፕላስቲክ ወንበር እየደራረበ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እህቴ፣ ሰባት ሰዓት እኮ የቀኑ ነው። ልጆቹ ተጫውተው ከሄዱ ቆዩ» አለኝ። ከሥር የተዘረዘሩት የቀሩት ኮንሰርቶች ደግሞ 12:00 ይላሉ። እሱን እኩለ ሌሊት መስሎኝ «ይሄ ሰፈር መቼ እንዲህ ዘመነ?» ብዬ ነበር። አጎቴ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ጉድለቱንም ስለማወራ ሰዎቹን ማስቀየም አልፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ጠባብ ግቢ አለው። ከጀርባ ልጆች ሥዕልና ሙዚቃ የሚማሩባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ተጠጋግተው ከተቀመጡ መቶ ሃያ ሰው ይይዛል። የሰፈሩ ሰው «ኪነቱ» ነው የሚለው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው ከነበሩት የኪነት ቡድኖች የተረፈ አጠራር ነው። አሁን ያሉት ልጆች ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ ግድም የላቸው።

ዝግጅቱ ከገና ማግስት እስከ ቅበላ ነበር። ስድስት ቅዳሜ። ሁዳዴ ሲገባ የከተማው ዘፈን ቀዝቀዝ ስለሚል ሁሉም ነገር ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። አንዱን ሳምንት ጃዝ፣ አንዱን ሳምንት የድሮ ዘፈን እያሉ ያፈራርቁታል። የኔም ፈቃድ ስድስት ሳምንት ነበርና ከዚያች ከመጀመሪያዋ በቀር አንዱም አላመለጠኝም።

ትኬቱ ለሌላ ሰው 500 ብር ነው፣ ለሰፈሩ ነዋሪና ለተማሪ 50 ብር። የሰፈሩ ሰው መሆንህን ማን ያረጋግጣል? ዘበኛው። መታወቂያ አይጠይቅም፣ ያውቃችኋል ወይም አያውቃችሁም። ክፍያው በቴሌብር ወይም በጥሬ ብር ብቻ ነው። እኔ የባንክ ካርዴን ሳወጣ በር ላይ ያለችው ልጅ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። እንደደረሳችሁ ሲም አውጡና ቴሌብር ክፈቱ። ይሄን ከመሄዴ በፊት ሰው ሁሉ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁም።

አሁን ወደ ሙዚቃው። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት የድሮውን ፍለጋ ነው። ውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች የኛ ጃዝ ማለት ሸክላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የሙላቱ አስታጥቄ የቆዩ ሥራዎች ፈረንሳይ አገር ተሰብስበው ታተሙ። በ2005 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፊልም ተጠቀመባቸው። ከዚያ ወዲህ ፈረንጁ ሁሉ «ኢትዮ ጃዝ» ሲል ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በፊት የተቀዳውን ነው የሚያስበው፣ እኛም አብረነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ስንቶቻችን በዚያ ታክሲ ተሳፍረን ይሆናል! ማን መሆኑን ያወቅነው የድሮ ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው አሜሪካ እንደገና ሲታተም ነው።

ኪነቱ ያገኘኋቸው ግን የሃያና የሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው። ያውም የሚጨቃጨቁ።

የሁለተኛው ቅዳሜ ምሽት አምስት ሆነው ወጡ። ሳክስፎን፣ ኪቦርድ፣ ባስ ጊታር፣ ድራም፣ ክራር። ባሱን የምትጫወተው ሴት ልጅ ናት፣ ጊታሩ ከእሷ ይረዝማል። የመጀመሪያው ዘፈን ባለ አምስት ድምፅ ከሆኑት ቅኝቶቻችን በአንዱ፣ በባቲ ነበር፣ ቆንጆ ሄደ። ሁለተኛው በሌላ ቅኝት፣ በአምባሰል ነው ተባለ። ክራሩ ግን ከባቲ ወደ አምባሰል ዝም ብሎ አይሄድም። ቅኝት በተቀየረ ቁጥር አውታሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንዷን ያጠብቃል፣ ያዳምጣል፣ ሌላዋን ያላላል። ሦስት ደቂቃ ሄደ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ እንዲሁ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ሁለት ክራር አይገዙለትም?» አለ። ልክ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ክራር ከጎኑ ቆሞ አየሁ፣ የማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ድምፁ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መጥፎ ነበር። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ስላለው ባሱ እዚያ ላይ ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ድምፁን የሚቆጣጠረው፣ ሚክሰሩ ጋ የተቀመጠው ልጅ ችግር በመጣ ቁጥር መፍትሔው ሁሉንም መጨመር ነበር። ሳክስፎኑ አልተሰማም? ጨምር። ዘፋኟ ሞኒተሯ፣ ወደ እሷ የዞረው ስፒከር፣ አይሰማኝም አለች? ጨምር። ሄጄ በጨዋ ደንብ ነገርኩት። ልጁ አልተቆጣም። «ቅነሳ የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም፣ እስቲ እሞክራለሁ» አለኝ። ሞከረም። አራተኛው ሳምንት ላይ የድራሙን ብሩሽ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰማሁት።

የማኪያቶ ማሽኑ ጉዳይ ግን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ቡናው የሚፈላው አዳራሹ ውስጥ፣ መድረኩ ሥር ነበር። ሳክስፎኑ በትዝታ ብቻውን ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ ልጁ የመጨረሻዋን ድምፅ ቀስ አድርጎ ሲያወጣ፦ ሺሽሽሽሽ! ወተት እየፈላ ነው። ልጁ በእልህ መልሶ ነፋ። ማሽኑም መለሰለት። በሳምንቱ ማሽኑን ግቢው ጥግ አወጡት። ለዚህ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣቸው ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ ጋሼን፣ ማለትም አጎቴን፣ እንደገና ይዤ ሄድኩ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ደረጃው አስቸግሯቸው ነበር። ማንም ሳይጠራው አንድ ልጅ መጥቶ በጎን በር አስገባቸው፣ ወንበርም ፊት አመጣላቸው። ጋሼ ወጣት ሳሉ ዋልያስ ባንድን ሒልተን ሰምተዋል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ማታ ክለብ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም። ባንዱም አብሮ ተቆልፎበት እስኪነጋ ይጫወታል። «መጨፈር ፈልገን መሰለሽ? መሄጃ አጥተን ነው» ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ ራሳቸው ይስቃሉ።

ሳክስፎኑ ሶሎ ውስጥ ገብቶ ሲያቀልጠው ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ኪሳቸውን ዳበሱ። ገባኝ። «ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ፣ ይሄ ጃዝ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። ጉልበቴ የሚሉት ሰውዬ መድረኩ ላይ ወጥተው መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጫወተው፣ ደንግጦ አንድ ድምፅ አመለጠው። ብሩ ወድቆ ሳክስፎኑ አፍ ውስጥ ገባ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን ያመለጠችውን ድምፅ ይዞ ደጋገማት፣ ባስ የምትጫወተዋ ልጅ ተቀበለችው፣ ከዚያ ሌላ አራት ደቂቃ ሄዱ። የዚያ ምሽት ምርጡ ነገር እሱ ነበር። ጋሼ ደግሞ እኔ ነኝ ያስጀመርኩት ብለው ያምናሉ።

የድሮ ዘፈን ምሽቶቹን በአጭሩ ልለፋቸው። የጥላሁን፣ የብዙነሽ፣ የማህሙድ ዘፈኖች ናቸው፣ ሕዝቡ ከዘፋኙ እኩል ይዘፍናል፣ ደስ ይላል። ግን እንደዚያ ያለውን እኔም ያለሁበት አገር በየሠርጉ አገኘዋለሁ። ልጆቹ የመጀመሪያውን ቅጂ ቃል በቃል፣ ሳል ሳይቀር፣ ለመድገም ነው የሚጥሩት።

ለኔ የዚህ ቤት ዋናው ነገር ኮንሰርቱ አይደለም። ሐሙስ ከሰዓት ልምምድ አለ፣ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነፃ። ማንም አላስተዋወቀውም፣ ፖስተሩ ላይም የለም። ዘበኛው ነው የነገረኝ። ትንሹ ክፍል ውስጥ የሰፈር ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ያያሉ። የሚያለማምዷቸው ከሠራዊት ኦርኬስትራ ጡረታ የወጡ ትራምፔት ነፊ ናቸው። ድሮ እኮ ትልልቁ ባንድ አብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ነበር። የትንፋሽ መሣሪያ ነፊዎቻችን ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ቤት ነው። መምህሩ አሁንም እንደ ወታደር ነው የሚቆሙት፣ ሲቆጡ ግን ድምፃቸው ይቀንሳል።

አንድ ሐሙስ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ትዝታ ማይነር በሚባለው ቅኝት ሥር አንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ አስገባ። ለኔ አሪፍ ነበር፣ ልክ ውጭ እንደምሰማው ዓይነት። መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን የጨመርካት ድምፅ ቅኝቱ ውስጥ አለች?»

«የለችም። ግን ኮርዱን ታሳምረዋለች።»

«ኮርዱን አሳመረችው፣ ትዝታውን ምን አደረገችው?» ዘፋኟን ጠሩና በዚያ ኮርድ ላይ ዝፈኚ አሏት። ጀመረች፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ተንገዳገደች። ጆሮዋ ወደዚያች ድምፅ ጎተታት። «አየህ? መንገዷን ዘጋህባት።»

ልጁ አልተዋጠለትም። «ሙላቱስ የኛን አምስት ድምፅ ከፈረንጁ አሥራ ሁለት ጋር አይደል እንዴ ያጋባው?» አለ። መምህሩ ትንሽ ዝም አሉ። «አጋባ እንጂ አልቀበረም። እስቲ ዘፋኟ ስታርፍ አስገባት።» ልጁ ስንኙ ካለቀ በኋላ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ያችን ኮርድ መታ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ተያየን። ቅዳሜ ዕለት እዚያው ቦታ ላይ ስትመጣ ደረቴ ላይ ነው የተሰማችኝ። ለኮንሰርቱ ብቻ የመጣን ሰው ግን እንዲሁ ታልፈዋለች። ስለዚህ ጊዜ ያጠራችሁ ከሆነ ቅዳሜን ትታችሁ ሐሙስ ሂዱ።

ሌላም ቦታ ሞክሬያለሁ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ እናወራለት የነበረው የጃዝ ክለብ፣ ጃዝአምባ፣ በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ሌላው የሙዚቃ ቤት፣ ፈንዲቃም፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ለዓመታት ከኖረበት ቦታ ተነሣ። አንድ ትልቅ ሆቴል «የጃዝ ምሽት» አለ ብሎኝ ሄድኩ። አንድ ሰውዬ ላፕቶፕ ከፍቶ በተቀዳ ሙዚቃ ላይ ሳክስፎን ይነፋል። ምግቡ ጥሩ ነበር።

ጥቃቅኑን ልጨርስ። ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው፣ ውሃው ግን በበርሜል ነው። ማታ ሲወጡ ራይድ መጥራት ቀላል ነው፣ ግን ሾፌሩ ደውሎ «የት ጋ ነሽ?» ሲል መንገዱን ለማስረዳት አትሞክሩ፣ ስልኩን ለዘበኛው ስጡት። መርሐ ግብሩ በሰዓቱ አይጀምርም፣ 12:00 ማለት አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሥራ ውለው ለሚመጡት ይመቻቸዋል መሰለኝ፣ ለኔ ግን ቀዝቃዛ ወንበር ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ጋቢ ያዙ። ፖስተሩንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» ብለን እንጽፋለን ብለዋል።

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ትናንት ጋሼ ጋ ደወልኩ። ሐሙስ ሐሙስ ብቻቸውን ልምምድ ይሄዳሉ፣ ልጁ በጎን በር ያስገባቸዋል። ክራሩ ልጅ አሁንም በጣም ይቃኛል አሉኝ፣ ሁለቱንም ክራር። የማኪያቶው ማሽን ደግሞ ግቢ ውስጥ አቧራ በዛበት ተብሎ ተመልሶ አዳራሽ ገብቷል።