እማዬን የሠርጉ ፎቶ ላይ ላስገባችልን ልጅ

ይህን የምጽፈው ከልቤ ላመሰግናት ነው።

እህቴ ስትዳር እማዬ በሕይወት አልነበረችም። የቤተሰቡን ፎቶ ስንነሳ ከአባባ አጠገብ ክፍት ቦታ ተውን፣ በኋላ እሷን እናስገባበታለን ብለን። ሙሉ ቁመቷ የሚታይበት ደህና ፎቶ ያለን አንድ ነው። በ1984 ዓ.ም. ስቱዲዮ የተነሳችው፣ ነጠላ ለብሳ፣ ከኋላዋ አረንጓዴ መጋረጃ።

መጀመሪያ የሰጠሁት ቤት በአንድ ሰዓት ቆርጦ ለጥፎ ሰጠኝ። ጭንቅላቷ ዙሪያውን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ የነጠላዋ ዳር አረንጓዴ ሆኗል፣ እግሯ መሬት አልነካም። አባባ እንዳያዩት ደበቅኩት።

ከዚያ ጓደኛዬ መገናኛ ወደምትሠራ አንዲት ልጅ ላከኝ። ገና ስደውልላት «ጋሼ፣ በስልክ አንስተው አይላኩልኝ፣ ኦሪጅናሉን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ደቃቁ ሁሉ እንዲወጣ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አደረገችው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስትሠራ አይቻለሁ።

ፎቶሾፕ ላይ ኮፒ ፔስት ማንም ያደርጋል፣ መገጣጠሚያው እንዳይታይ ማድረግ ነው ሥራው። እሷ ትርፉን በኢሬዘር አታጠፋም፣ በማስክ ነው የምትሸፍነው፣ ከተሳሳተች መልሳ ታወጣዋለች። የልብሱን ጠርዝ አንድ ሁለት ፒክስል ብቻ ታለሰልሳለች። ፀጉሩን ለብቻው በቀጭን ብሩሽ ሠራችው። ነጠላው ላይ ግን ግማሽ ቀን ፈጀች! ነጠላ ስስ ነው፣ ከኋላው ያለውን ያሳያል፣ ስለዚህ ዳሩን የቱንም ያህል አጥርታችሁ ብትቆርጡት የድሮው መጋረጃ በጨርቁ ውስጥ አብሮ ይመጣል። አረንጓዴውን ቀለም ከጨርቁ ላይ አጠፋችና የአዳራሹ ግድግዳ በስሱ እንዲታይበት አደረገች። ጥለቱን አልነካችውም።

ሌላው ብርሃኑ ነው። እማዬ ላይ ከግራ ይመጣል፣ እኛ ላይ ከቀኝ። «እንደ መስታወት ግራ ቀኟን ገልብጫት በቃ» አልኳት። «አይሆንም ጋሼ፣ ነጠላዋን የጣለችበት ትከሻ ይቀየራል፣ ፊቷም ይዞራል፣ አባትዎ ወዲያው ያውቁታል» አለችኝ። ፊቷ ላይ ያለውን ጥላ ቀስ እያለች በእጇ አዞረችው። እግሯ ሥር እንደኛው ጥላ ሠራችላት። የድሮ ፎቶ ደቃቅ ነጠብጣብ አለው፣ የዛሬው ደግሞ ልሙጥ ነው፣ እሱ ብቻውን ያስነቃል። የእማዬን ነጠብጣብ ትንሽ ቀነሰችና በመጨረሻ ሁላችንም ላይ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ጨመረችበት።

ሦስት ቀን ፈጀባት። ዋጋዋ ከመጀመሪያው ቤት እጥፍ ነው፣ ይገባታል።

አባባ ፎቶውን ይዘው መስኮት አጠገብ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። «ነጠላዋን እንዲህ ነበር የምታደርገው» አሉ።

አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ይባረክ። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ስትሄዱ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ሂዱ።