ባለድንጋዩ ላይተር ወይስ ባለመጫኛው?

ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ጀርባ ለሚኖር ሰው፣ መብራት በጠፋ ምሽት ከኪሱ የሚወጣው ላይተር ወዲያው መያዝ አለበት። ሱቅ ላይ ጎን ለጎን የሚደረደሩት ሁለቱ ዓይነቶች ግን እኩል አይደሉም።

ባለመጫኛው ለጣት ይመቻል፤ ብዙዎቹ ከሥራቸው ትንሽ መብራት ስላላቸው በጨለማ የበር ቁልፍ ቀዳዳ ለመፈለግ ይበጃሉ። ድክመቱ ብልጭታው ላይ ነው፦ በኤሌክትሪክ የምትፈጠር አንዲት ቀጭን ብልጭታ ናት። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ስስ ነው፤ ጋዙና አየሩ በልኩ ካልተገናኙ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይቀጣጠልም። ብልጭታዋ የምትዘልበት የሽቦ ጫፍ ሲረጥብ ወይም ጥላሸት ሲይዝም እንደዚያው።

ባለድንጋዩ ብዙ ብልጭታ ይረጫል። ዝናብ ቢያገኘው ውሃውን አራግፉና ጥርሳሙን ጎማ ደረቅ ሱሪ ላይ ደጋግማችሁ አንከባልሉት፤ ድንጋዩ ሲደርቅ ይሠራል። ጋዙ ቢያልቅ እንኳ ብልጭታው በደንብ የተባዘተ ደረቅ ጥጥ ሊያስይዝ ይችላል።

ብርድ ሁለቱንም ያዳክማል። ቡቴን ጋዝ 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነኑ ስለሚቀንስ፣ በኅዳር ውርጭ ነበልባሉ ይኮሰምናል። ለጥቂት ደቂቃ መዳፍ ውስጥ ጨብጦ ማሞቅ ነው።

ከሰል ለማያያዝ ማንኛውንም ላይተር አትዘቅዝቁ፤ አናቱ ግሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ጧፍ ለኩሱና በጧፉ አያይዙ።

እኛ የምንመርጠው ባለድንጋዩን ነው፤ አንዱን ለኪስ፣ ሌላውን በፌስታል ጠቅልሎ ለክፉ ቀን። ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ጋዙ እንዳያልቅ ከጋዝ መልቀቂያው ሥር ላስቲክ ጠምጥሙበት።